«ሥዕል አያበላም» ያልነው እኛ፣ በነፃ የወሰድነውም እኛ

ዛሬ ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ ቡና ወይም ስለ ኬላ አንጽፍም። ስለ አንዲት እኅታችን እንጽፋለን። ስሟን አንጠራም፤ እሷም አልፈለገችም፣ እኛም አፍረናል።

እኅታችን ካርቱም ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ዋና የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ዓረብኛዋ እንደ አገሬው ሰው ነው። ቢሮዋ አየር ማቀዝቀዣ ነበረው፤ ደመወዟ በወሩ መጨረሻ ይደርሳል፤ ኢቃማዋን ድርጅቱ ያድስላታል። ከመካከላችን መንገድ ዳር ሻይ በመሸጥ፣ ሰው ቤት በመሥራት፣ ከመተማ ገላባት ዕቃ በማሻገር የጀመርን ሰዎች ለልጆቻችን «እንደ እሷ ሁኑ» እንል ነበር። በ2021 መጨረሻ (ያለዚያ ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያን ሥራ ለቀቀች። ለምን ብንላት «በውሃ ቀለም ሥዕል ልሠራ» አለችን።

ሥዕሎቿ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወይም የንጉሥ ምስል አይደሉም። እግር አውጥቶ ድንበር የሚሻገር ጀበና ትሥላለች። በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተኝታ ኬላ የምታልፍ ድመት አለች። ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ዳርቻ ዣንጥላ ይዞ ሻይ የሚጠጣ ጉማሬ አለ። በሲት ሻይዋ ፊት ትንሿን ወንበር ስቦ ለመቀመጥ የሚታገል ግመል አለ። ልጆቻችን አይተው ይስቃሉ። እኛም ሥቀናል፤ የሳቅነው ግን በእሷ ነው።

ያን እሑድ ዴም ውስጥ ቡና ላይ ተሰብስበን ነበር። አንዲት እናት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። ሌላው «ጠበል ውሰዷት» አለ። አንዱ ደግሞ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገባች፣ እንዲህ ያለ ወሬ እንዳትሰማ ቢደረግ እንደሚሻል ተናገረ። በዚያው ቡና ላይ፣ ሦስተኛው ሳይፈላ፣ ከመካከላችን አንዷ «እስቲ ለልጄ ልደት አንድ ነገር ሣይልኝ፤ መቼም ለእኔ ዋጋ አታወጪም» አለቻት። እኅታችን ሣለችላት። ዋጋም አላወጣችም።

ዛሬ የምንናገረው ይህን ነው፦ ሥዕል አያበላም ስንል የኖርን እኛ፣ ሥዕል እንዳያበላ ያደረግነውም እኛ ነን። ከቢሮ ወጥቶ ብሩሽ የያዘ ሰው ያበደ ሰው አይደለም፤ እንደ እኛው ነጋዴ ሆኗል። ስለዚህ ነጋዴን የምንጠይቀውን እንጠይቀው፤ ነጋዴ የሚከፈለውንም እንክፈለው።

የደመወዝ ዋስትና

መጀመሪያ «ዋስትና» ስለምንለው ነገር እንነጋገር። የካቲት 2021 የሱዳን መንግሥት የገንዘቡን ይፋ ምንዛሪ ሲለውጥ፣ አንድ ዶላር ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ፓውንድ ወጣ። በጥቁር ገበያው ቀድሞም ወጥቶ ስለነበር እኛ ነጋዴዎች ዋጋችንን አስተካክለን ነበር። በፓውንድ ደመወዝ የሚኖረው ግን ምን ያስተካክላል? እኅታችን ሒሳብ አዋቂ ናት፤ የሌላውን ሰው ገንዘብ ስትቆጥር የራሷ ደመወዝ በእጇ ላይ ሲቀልጥ ታይ ነበር። እኛ «የማይዘገይ ደመወዝ» ያልነው፣ ሳይዘገይ ይመጣል እንጂ ሲመጣ አንሶ ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ዶሮው ተገዝቶ ሽንኩርቱ ሲከተፍ፣ ተኩሱ ተጀመረ። ጎረቤቶቻችን ረመዳንን እየጾሙ፣ እኛ ለፋሲካ እየተዘጋጀን፣ ሁላችንም አልጋ ሥር ገባን። የቢሮውም የሱቁም በር በአንድ ቀን ተዘጋ። እኅታችን ብትቆይበት ኖሮ ያ የምንቀናበት ሥራ በዚያች ቅዳሜ ያበቃ ነበር። ይህን የምንለው «ልክ ነበረች» ብለን ለማጨብጨብ አይደለም። ጦርነቱን እሷም አላወቀችም። ግን እኛ የቆመውን ግድግዳ ዓለት አድርገን፣ የእሷን መንገድ ብቻ አሸዋ ማለታችን ትክክል አልነበረም።

የኦምዱርማኑ ሠዓሊ

በምንኖርበት ከተማ ማዶ፣ በኦምዱርማን፣ በ1930 የተወለዱ አንድ ሰው አሉ፤ ኢብራሂም ኤል-ሰላሂ። አባታቸው በቤታቸው ቁርኣን ያስተምሩ ነበር፤ ልጁ የመጀመሪያውን መስመር የተማሩት በእንጨት ሰሌዳው ላይ ጽሕፈት ሲለማመዱ ነው። በ1954 ወደ ለንደን ሄደው በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1957 ተመልሰው ካርቱም ውስጥ፣ ዓባይ ዳር ባለው ግራንድ ሆቴል ኤግዚቢሽን አቀረቡ። በመክፈቻው ሰው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝር የሚል ጠፋ። ዕቃው ተዘርግቶ ገዢ ያልመጣለት ነጋዴ ያን ስሜት ያውቀዋል።

ኤል-ሰላሂ ሕዝቡን «አላዋቂ» ብለው አልተቀመጡም። አገሩን እየዞሩ ሰዉ በቤቱ ምን እንደሚሰቅል፣ ምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ ዕቃውን በምን እንደሚያስጌጥ አዩ። የቁርኣን ጽሕፈቱን፣ የሰሌን ሥራውን፣ የእንጨት ቅርጹን ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ የዓረብኛው ፊደልና የአፍሪካው ጌጥ በሥዕላቸው ውስጥ ገባ። እኛ ይህን በንግድ ቋንቋ «ገበያ ማጥናት» እንለዋለን። አዲስ ከተማ ዕቃ ይዞ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ሰዉ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚለብስ ያያል፤ እሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ከዚህ የበለጠ ልብ የምንለው ነገር አለ። ኤል-ሰላሂ ለብዙ ዓመታት የቢሮ ሰው ነበሩ። አስተማሩ፤ በለንደን የሱዳን ኤምባሲ በባህል ጉዳይ ሠሩ፤ በ1972 ተመልሰው በሚኒስቴር ትልቅ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያ ወንበር አልጠበቃቸውም። በ1975 በመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተጠርጥረው ያለ ፍርድ በኮበር እስር ቤት ስድስት ወር ታሠሩ። እዚያ መጻፍም መሣልም ተከልክሎ ሳለ በትንንሽ የወረቀት ቁራጭ ላይ እየሣሉ በአሸዋ ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ሥዕልን ከትንሽ ቁራጭ ጀምሮ፣ ወረቀት በወረቀት እየቀጠሉ የማሳደግ ሐሳብ የመጣላቸውም እዚያ ነው። በ1980ዎቹ የሠሩት በዘጠኝ ክፍል የተገጣጠመ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ሥዕላቸው በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ከእስር በኋላ በኳታር ሠሩ፤ በ1998 ኦክስፎርድ ገቡ። በ2013 በለንደኑ ቴት ሞደርን የሥራ ዘመናቸውን የሚያሳይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተደረገላቸው፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ኤግዚቢሽን ለአፍሪካዊ ሠዓሊ የመጀመሪያው ነበር። ካረጁም በኋላ ሕመሙ ትልቅ ሸራ ፊት አላስቆም ሲላቸው፣ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ በብዕር ይሥሉ ነበር።

እንግዲህ ቢሮውና ብሩሹ አንድ ሰው ቤት ለብዙ ዓመት አብረው አድረዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ይህን ነው።

የእኛዎቹስ?

«እሱ ሱዳናዊ ነው፤ የእኛ አገር ሌላ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። እሺ፣ ወደ አገራችን እንምጣ። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። መምህሮቻቸው እጃቸውን አይተው ወደ ሥዕል አዞሯቸው። ሲመለሱ ውጭ አገር ለተማረ ሰው የመንግሥት ሥራው ክፍት በነበረበት ዘመን፣ እሳቸው ክፍለ ሀገሩን ዞሩ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ፤ ከዚያ ባገኙት ገንዘብ ወደ አውሮፓ ተመልሰው የመስታወት ሥዕል አሠራር ተማሩ። ትርፉን አልበሉትም፤ መልሰው ንግዱ ውስጥ ከተቱት። የዚያ ትርፍ ውጤት ዛሬ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ሆኖ ቆሟል። ከእኛ ውስጥ የመጀመሪያ ትርፉን በሠርግና በስልክ ያልጨረሰ ስንቱ ነው?

ሐረር የተወለዱት ገብረ ክርስቶስ ደስታም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የገቡት ግብርና ሊያጠኑ ነበር፤ ትተውት ሥዕል ለመማር ጀርመን ሄዱ። የእሳቸውን ታሪክ ስናነሣ ግን መጨረሻውንም እንናገር። በደርግ ዘመን ተሰደው፣ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ገና ሃምሳ ሳይሞላቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሰየመው የአዲስ አበባው ሙዚየም የተከፈተው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህን የምንጽፈው መንገዱ ሁሉ በአበባ የተነጠፈ ነው ብለን ልጅ እንዳናታልል ነው።

«እነዚህ ትልልቅ ሠዓሊዎች ናቸው፤ የእሷ ግን የልጅ ጨዋታ ነው፤ ጀበና እግር ያወጣል እንዴ?» ለሚልም መልስ አለን። እንግሊዛዊቷ ቢያትሪክስ ፖተር ሰማያዊ ኮት የለበሰ ጥንቸል በውሃ ቀለም ሣለች። አሳታሚዎች አልፈልግም ሲሏት በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። በዓመቱ አንድ አሳታሚ ተቀበላት። በ1903 የጥንቸሉን አሻንጉሊት ሠርታ የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበች። በ1905 ከመጽሐፍ ባገኘችው ገንዘብና በውርስ እርሻ ገዛች። ኮት የለበሰ ጥንቸል መሬት ከገዛ፣ እግር ያወጣ ጀበና ቢያንስ የቤት ኪራይ ለመክፈል መሞከሩ ነውር የለውም።

ሥራው ሥራ ነው

እኛ ሥዕልን እንደ ጨዋታ ያየነው አሠራሩን ስለማናውቅ ነው። አንድ ቀን ጅሬፍ ቤቷ ሄደን ስትሠራ አየናት። የውሃ ቀለም ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለም፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም ያህል የሚመዝን ወፍራም ካልሆነ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ነጩ ቀለም ወረቀቱ ራሱ ነው፤ አንዴ ካበላሹት እንደ ዘይት ቀለም በላዩ ላይ ደርበው አይሸፍኑትም፣ ይጣላል። የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቀለሙ ተዘርግቶ ሳያልቅ ይደርቃል፤ ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። ሀቡብ ሲመጣ መስኮት ዘግታ በላብ ትጠመቃለች፤ አቧራ በእርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ የጠዋቱ ሥራ አለቀ። አንዳንዱ ቀይ ፀሐይ ላይ ይገረጣል፤ ለደንበኛ የሚሸጠውን በዚያ አትሠራም። ከአምስት ወረቀት ሁለቱ ይበላሻሉ፤ እሷም በደብተሯ «ብልሽት» ብላ ትመዘግባቸዋለች። በርበሬ የሚያሻግር ሰው በመንገድ የረጠበውን ጆንያ እንደሚመዘግብ ማለት ነው።

ያን ደብተር ካየን በኋላ የሳቅ ፊታችን ጠፋ። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ሰዓቱ፣ ብልሽቱ፣ የማሳተሚያው፣ ሁሉም ተጽፏል። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ደብተር የሚይዝ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው።

የእናትየው ስልክ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እኅታችን ብቻዋን አልነበረችም። ጎንደር ላሉት እናቷ የቤት ኪራይ የሚከፈለው፣ ታናሽ ወንድሟ ኮሌጅ የሚማረው በእሷ ደመወዝ ነበር። ከለቀቀች በኋላ ሦስት ወር ገንዘቡ አነሰ፣ ዘገየም። እናቷ ለእኛ ደወሉ። «ልጄን ምን ነክቶብኝ ነው? እናንተ ትልልቆቹ ባላችሁበት?» ብለው አለቀሱ። በስደት ያለ ሰው ደመወዝ የራሱ ብቻ እንዳልሆነ ማን ያጣዋል? በአንድ ሰው ደመወዝ አምስት ሰው ይበላል። ስለዚህ «ሕልምህን ተከተል» የሚለውን የስልክ ላይ ምክር እኛ አንደግመውም። ሕልም የራስ ነው፤ ረሀቡ ግን የቤተሰብ ይሆናል።

እኅታችን ግን ይህን ከእኛ በፊት አስባበት ነበር። ከመልቀቋ በፊት የስድስት ወር ወጪ አስቀምጣ ነበር፤ የፓውንዱ መውደቅ በልቶ ሦስት ወር አደረገው። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን የሦስት ሱቆቻችንን ሒሳብ መያዝ ጀመረች፤ ቀሪውን ቀን ትሥላለች። ይህ ኤል-ሰላሂ የሄዱበት መንገድ ነው። እኛስ ምን አደረግን? «አንቺ መቼም ቤት ነሽ» ብለን ድርጅት ቢሆን ከምንከፍለው ግማሹን ከፈልናት። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ካልተጻፈ አይታረምም።

ለቤተሰቡ ያለን ምክር ይህ ነው። ልጃችሁ ከሥራ ልልቀቅ ሲል «አብደሃል» አትበሉት። ዕቁብ አለብህ ወይ? ብድርስ? የስንት ወር ቀለብ ይዘሃል? ገዢህ ማን ነው? በወር ስንት ሠርተህ ስንቱን ትሸጣለህ? ባይሆን ወደ ምን ትመለሳለህ? ብላችሁ ጠይቁት። እነዚህ ሱቅ ልክፈት ላለ ልጅ የምትጠይቁት ጥያቄዎች ናቸው። መልስ ካለው ምርቁት። መልስ ከሌለው ገና ነው፤ ማታ ማታ ይሣል፣ ጠዋት ቢሮ ይግባ። ልቀቁ ለተባላችሁም ወጣቶች፦ የእናታችሁን ኪራይ በሕልማችሁ ውስጥ ጻፉት። ያልተጻፈ ወጪ ነው ንግድ የሚገድለው።

ቆጥረነዋል

ጦርነቱ ሲመጣ እኅታችን እንደ ሁላችንም በገዳሪፍ፣ በገላባት፣ በመተማ አድርጋ ወጣች። የቀለም ሳጥኗንና አንድ ትንሽ ደብተር ብቻ ይዛ ነበር፤ ትልልቆቹ ሥዕሎች ካርቱም ቀሩ። ዛሬ ጎንደር ናት። ለአንድ የቡና ቆይና ለሁለት የቅመም አሻጊዎች የማሸጊያ ሥዕል ትሠራለች፤ ለበዓል ፖስት ካርድ ትሸጣለች፤ የአንድ ሱቅ ሒሳብም ትይዛለች። ሀብታም አልሆነችም። የእናቷ ኪራይ ይከፈላል፤ አንዳንዴ ይዘገያል። ወንድሟ ተመርቋል።

ባለፈው ወር በስልክ ተሰባስበን ስናወጋ አንዱ «ከሱቄ የቀረብኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከሚዛኑ በላይ የሰቀልኳት ድመት» አለ። ሌላውም የጉማሬውን አነሣ። እንዲያው ለጨዋታ መቁጠር ጀመርን። የእሷ ሥዕል በአሥራ አንድ ቤታችን ነበር። የከፈለው ሁለት ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ስለዚህ ይህን ወስነናል። ያልከፈልን ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳችን ዋጋዋን ራሷ እንድትነግረን ጠይቀን እንከፍላለን፤ ሥዕሉ ቢጠፋም ዕዳው አልጠፋም። ለሒሳብ ሥራዋ የቀነስንባትንም እንመልሳለን። የዘንድሮውን ዕቁብ የመጀመሪያ ዙር እሷ ትውሰድ ብለናል፤ ስጦታ አይደለም፣ እንደ ማንኛችንም ትጥላለች፤ ወረቀት በብዛት ገዝታ እንድታስመጣበት ነው። ቡናና ቅመም በከረጢት የምታሽጉ ወገኖችም፣ ያ ከኢንተርኔት የምታወርዱት የማንም ያልሆነ የቡና ፍሬ ሥዕል ይብቃችሁ። በአካባቢያችሁ የሚሥል ልጅ ፈልጉ፤ ዋጋ ጠይቁ፤ ክፈሉ።

እናንተም አንባቢዎቻችን፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ቀና ብላችሁ ግድግዳችሁን እዩ። የወገን እጅ የሠራው ነገር ተሰቅሎ ካለ፣ ከፍላችሁበታል ወይ? ካልከፈላችሁ ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው።